እኔስ የማን እረኛ ነኝ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ዘመን ሁለት ሙስሊሞች ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት አንድ ቦታ አለ። እሱም «መሪ አጣን» የሚለው እሮሮ ነው። ደሴ ሸዋበር አካባቢ የሰማሁትን ኮምቦልቻ ስወርድም እሰማዋለሁ። ነጋዴው መሪ የለንም ይላል፤ ተማሪው መሪ የለንም ይላል፤ በመስጊድ ኮሚቴ ውስጥ የተመረጠው ሰው ራሱ መሪ የለንም ይላል! ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ በምን ተፈትኖ እንደሚያልፍ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚህ እሮሮ አስቀድመው መልስ ሰጥተውበታል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ፣ እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው ሁሉ እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። በሐዲሱ የተጠቀሰው የአገር ገዢ ብቻ አይደለም። አባወራው በቤተሰቡ፣ ሚስት በባሏ ቤት፣ አገልጋዩ እንኳ በአሠሪው ንብረት ላይ እረኛ ተብለዋል። እንግዲህ ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚቀር ማን ነው? ሌላውን «ለምን አልመራህም?» ከማለታችን በፊት «እኔስ የማን እረኛ ነኝ?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ከምንገምተው በላይ ከባድ ነው።

ከገበያው እንጀምር

ሰኞ ሰኞ ደሴ ሌላ ከተማ ትመስላለች። ከኩታበር፣ ከቦሩ፣ ከሐይቅ፣ ከሌላውም አቅጣጫ ገበሬው እህሉን በአህያና በመኪና ጭኖ፣ ዶሮውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ሰኞ ገበያ ይተማል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሸጣል፤ አንዱ ለሶላት ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲነሳ ሌላው ዕቃውን ይጠብቅለታል። እኔም ሥራዬ ጋዜጠኝነት በመሆኑ የእህል ዋጋ ለመጠያየቅ ወደዚያ ጎራ ማለት አዘወትራለሁ። ታዲያ ከዋጋው ይልቅ በአእምሮዬ የሚቀረው ሌላ ነገር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሰኞ ከአንዲት ባቄላ ሻጭ እናት አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ እናቱ የላከችውን ብር ጨብጦ መጣ። ሴትዮዋ ጣሳውን ከምረው ሞሉለት፤ በላዩ ላይም አንድ እፍኝ መረቁለት። እኔ ቀልድ ብጤ ጣል አድርጌ «እማማ፣ ለልጅ ይህን ያህል ይመርቃሉ እንዴ?» ብላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ትልቅ ሰው ቢጎድልበት አፍ አለው፣ ይናገራል። ይህ ልጅ ምን ያውቃል? ስለ እሱ የሚናገርለት አላህ ነው!»

ውድ አንባብያን፣ ስለ አመራር ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን የሚስተካከል ትዝ አይለኝም። እኒህ እናት በየትኛውም ኮሚቴ አልተመረጡም። ስማቸውም በየትኛውም ማኅተም ላይ የለም። ይሁንና የአመራርን ሥር አግኝተውታል። ማንኛውም ሥልጣን፣ የትልቅም ይሁን የትንሽ፣ መናገር በማይችል ሰው ፊት መስፈሪያ መያዝ ነው። አስተማሪ በተማሪው ፊት፣ አባት በልጁ ፊት፣ አሠሪ በሠራተኛው ፊት፣ ገንዘብ ያዥ በቅሬው አባላት ፊት መስፈሪያውን ይዞ ተቀምጧል። የጎደለበት ሰው ብዙ ጊዜ መጉደሉን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም።

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ 83ኛውን ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ በሚዛን አጉዳዮች ስም ሰይሞታል። የመድየን ሰዎችን እንዲያስጠነቅቁ የተላኩት ነቢዩ ሹዐይብም (ዐ.ሰ.) ከተውሒድ ጥሪያቸው ቀጥሎ ያነሡት ጉዳይ የስፍርና የሚዛን ነገር ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ቢነግራቸው፣ ገዢው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። የአንድ ኡማ መሪ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ሲፈትሹ እናያለን። ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ትልቁ አመራር ከትንሹ አማና ተነጥሎ አይቆምም ማለት ነው። ጣሳ ላይ ያልታመነ ሰው በጀት ላይ ይታመናል ብሎ መጠበቅ ራስን ማሞኘት ነው።

«ገበያው የት እንደሆነ አሳዩኝ»

አማና ብቻውን ግን አይበቃም። እረኛ በግ ወዳድ ስለሆነ ብቻ መንጋውን አያድንም፤ ሳሩ የት እንዳለ፣ ጅቡ በየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ራስን ማሳደግ የአማናው አንዱ ክፍል ነው።

ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከመካ ሲሰደዱ ሀብታቸውን ጥለው ነበር መዲና የገቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲናው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከሀብታቸው ግማሹን ሊሰጧቸው ፈቀዱ። ዐብዱራሕማን ግን ባረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። አይብና ቅቤ በመነገድ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትዳር መሠረቱ፤ በመጨረሻም ለኡማው እጅግ ብዙ የሚለግሱ ባለጸጋ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ስጦታውን ያልተቀበሉት ሰዕድን ንቀው አይደለም። እጃቸው ላይ ያለውን ችሎታ አውቀውት ስለነበር ነው።

የእኛ አካባቢ ወጣት ስለ ስደት ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲና ወደ ዐረብ አገር የሚወስደውን መንገድ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ባዶ እጁን የተመለሰውን ወንድም አይቻለሁ፤ እዚያ የተማረውን ሙያ ይዞ መጥቶ ትንሽ የብረት ሥራ የከፈተውንም አይቻለሁ። ሁለቱንም ልፈርድባቸው አልነሳም፤ ድህነት የሚያስጨንቀውን ሰው በሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። የሄደም ይሂድ፣ የቀረም ይቅር፣ «ገበያውን አሳዩኝ» የሚለውን ጥያቄ ግን አብሮት ይያዝ። ሒሳብ መያዝ የማይችል ነጋዴ በዚህ ዓመት ሒሳብ መያዝ ይማር። ቁርኣን የሚቀራ ነገር ግን ትርጉሙን የማያውቅ ወጣት በቀን አንዲት አንቀጽ ከነትርጉሟ ይያዝ። በአደባባይ መናገር የምትፈራ እህት በሰፈር የሴቶች ደርስ ላይ አምስት ደቂቃ ትናገር። ዕድገት የሚባለው ነገር በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ባቄላው እንኳ በእፍኝ በእፍኝ ነው ጣሳውን የሚሞላው።

ድፍረትና ጩኸት

አሁን ደግሞ ወደ ድፍረት እንምጣ። ብዙዎቻችን ደፋር የምንለው ድምፁ ከፍ ያለውን ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የሚደበድበው፣ ከዓሊሙ ፊት ጣቱን የሚቀስረው «ወንድ ነው» ይባላል። ሲራን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ድፍረት ያገኛል።

በበድር ዘመቻ፣ በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠራዊቱን አንድ ቦታ ባሰፈሩ ጊዜ አል-ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር (ረ.ዐ.) ቀርበው አንድ ጥያቄ መጠየቃቸውን የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። ቦታው አላህ ያዘዘው ነው ወይስ በጦር ስልት የታሰበ ነው? ሲሉ ጠየቁ። በስልት የታሰበ መሆኑ ሲነገራቸው ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ መስፈር እንደሚሻል ምክንያቱን ዘርዝረው አስረዱ። ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። የጥያቄውን አደብ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ወሰኑን ለዩ፤ የአላህ ትእዛዝ ከሆነ ወሬ የለም። ከዚያ ምክንያታቸውን አቀረቡ። መሪያቸውን አላዋረዱም፤ ያወቁትንም ደብቀው አልሄዱም። ድፍረት ማለት ይህ ነው።

ይህ ድፍረት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአንድ ሰፈር የቅሬ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ያለፈው ዓመት ሒሳብ ይነበብልን። ሌብነት አለ ማለቴ አይደለም። ሰው ሲሞትብን ምን እንዳለን እንድናውቅ ነው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከወዲያ በኩል አንዱ «የትናንት ልጅ!» ሲል አጉረመረመ። ገንዘብ ያዡ አዛውንት ናቸው። ሰው ሁሉ ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ከተቀመጡበት ተነሡና «ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ቆይቻለሁ። ያልተጠየቀ ሒሳብ ለያዡም ሸክም ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ና ልጄ፣ አንተው አንብበው» ብለው ደብተሩን ሰጡት። ወጣቱ እየተንቀጠቀጠ አነበበ። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ስብሰባ ሁለት ዓይነት ድፍረት ይዤ ወጣሁ። አንዱ የወጣቱ፣ የመጠየቅ ድፍረት ነው። ሁለተኛው የአዛውንቱ፣ የመጠየቅን በር የመክፈት ድፍረት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚከብድ ይመስለኛል። ስንቱ ታማኝ ሰው በተጠየቀ ጊዜ «ተሰደብኩ» ብሎ አማናውን ጥሎ ሄዷል! ስንቱ መስጊድ፣ ስንቱ ማኅበር በዚህ ምክንያት ፈርሷል!

ተሸንፎም የሚያማክር መሪ

ሹራ የሚለው ቃል በአፋችን ላይ ቀሏል። እውነተኛው ፈተናው ግን ምክሩ ያልሠራ ዕለት ነው። በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከኡሑድ በፊት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። ብዙኃኑ፣ በተለይም በድር ያመለጣቸው ወጣቶች፣ ወጥተን እንግጠም አሉ። እርሳቸውም ሐሳባቸውን ተቀብለው ወጡ። የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰባ ያህል ሰሓቦች ሸሂድ ሆኑ። ከዚህ በኋላ አንድ ተራ መሪ ምን ይል ነበር? «ከእንግዲህ ማንንም አላማክርም» ይል ነበር። ነገር ግን ከኡሑድ በኋላ በወረደው በሱረቱ አሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸውና በጉዳዩ እንዲያማክሯቸው አዘዛቸው። ወጣቶች ተሳሳቱ ተብሎ የወጣቶች አፍ አልተዘጋም።

እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻ ዘመናቸው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ.)፣ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የሆነውን ወጣት፣ ታላላቅ ሰሓቦች ባሉበት ጦር ላይ መሪ አድርገው ሾሙት። ያጉረመረሙ ነበሩ። እርሳቸው ካለፉ በኋላ በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ አቡበክር (ረ.ዐ.) ያንኑ ጦር ሲሸኙ፣ ኡሳማ በፈረስ ላይ ሆኖ እርሳቸው በእግራቸው ሄዱ። ዑመር መዲና እንዲቀሩላቸው በፈለጉ ጊዜም የጦሩን መሪ፣ ያንን ወጣት፣ አስፈቀዱት። ኸሊፋው ከእርሳቸው በታች ያለውን ሰው ፈቃድ ጠየቁ! እኛ ዘንድ የመስጊድ ቁልፍ ለወጣት አደራ ለመስጠት ስንት ዓመት እንከራከራለን?

ከዚሁ ከወሎ

ወሎ ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለችም። ዶክተር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት ውስጥ ስማቸው የሚነሣውን ዓሊሞች እናስታውስ። ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ጃማ ንጉሥ ላይ ማዕከል መሥርተው አስተማሩ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በታዘዘ ጊዜ ሸህ ጠልሐ ኢብኑ ጀዕፈር በግልጽ ተቃወሙ። እኒሁ ሸህ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ እንዲገባው በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል የጻፉ ሰው ናቸው። ይህ ሁለተኛው ሥራቸው ከመጀመሪያው ያነሰ ጀግንነት አይመስለኝም። መሪ ከሕዝቡ ርቆ ቆሞ «ለምን አልገባችሁም?» አይልም፤ ራሱ ወርዶ በሚገባቸው ቋንቋ ይናገራል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ በወጣ ጊዜም ጥያቄው ተጽፎ፣ ተዘርዝሮ የቀረበ ነበር፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ታስቦበት የተጠየቀ ጥያቄ ወዳጅ ያበዛል።

ቅርቡን ደግሞ የደሴ ሰው ራሱ ያውቀዋል። በ2013 ክረምትና በ2014 መባቻ ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴን ሲያጥለቀልቁ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ያኔ ማንም ሹመት አልጠበቀም። አንዷ እንጀራ ጋግራ ወሰደች፤ አንዱ ብርድ ልብስ ሰበሰበ፤ አንዱ ስም መዘገበ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» በሚባልባት ከተማ ሰዉ ያንን ስም በየደጁ ፈጸመው። ቆይቶም በጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ አብሳዩ ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ክፉ ቀን «መሪ አጣን» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሁሉ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሕፃን በረሃብ ባለቀ ነበር?

ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እህቶች፣ ያ መንፈስ ክፉ ቀን ካልመጣ የማይነሣ መሆን የለበትም። እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ትንሽ ቁጭ ብለን እንቁጠር። በእጄ ያለው መስፈሪያ የትኛው ነው? በዚያ መስፈሪያ ፊት የቆመው መናገር የማይችል ሰው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዬ ናት? ከፊቴ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው? ቢሮዬ በር ላይ ወረቀት ይዞ የቆመው ባለጉዳይ ነው? አንድ ሰው እንምረጥና ከፊታችን ባለው ሳምንት ስፍሩን እንሙላለት፤ ከተቻለም እንመርቅለት።

ሒሳብ የያዝን ካለን ሳንጠየቅ እናንብብ። የምናውቀውን እውነት ዝም ያልንበት ስብሰባ ካለ በአል-ሑባብ አደብ እንጠይቅ። ከእኛ በዕድሜ ያነሰ፣ ነገር ግን የተሻለ የሚያውቅ ሰው ካለ ደብተሩን እንስጠውና እናዳምጠው። ይህን ያደረገ ሰው የሚጠበቀው መሪ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ይገባዋል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ቅሬ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ገበያ አድጎ ይመጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) ስፍራችንን የምንሞላ፣ ስንጠየቅ የማንቆጣ፣ ስናይ ዝም የማንል ያድርገን። ለወሎ፣ ለአገራችንና ለመላው የሰው ልጅ ሰላሙን ያውርድ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።